ከውጭ የተቆለፈው በር

ቁልፍ የሚሠራ ሰው ከሐኪም ቀጥሎ የሰው ገመና ያውቃል። የማን በር እንደላላ፣ የትኛዋ ሚስት ከባሏ ደብቃ መሳቢያ እንደምትቆልፍ፣ የትኛው ልጅ አባቱን ሳያስፈቅድ ተጨማሪ ቁልፍ እንዳስቀረጸ ከእሱ የሚሰወር የለም። የዚህ ታሪክ ባለቤት ጋሽ መክፈቻም እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው የሚኖሩበት ሕንፃ ሰው ነው። ቁልፍ የጠፋበት፣ ሕፃን ከውስጥ የተቆለፈበት፣ አምሽቶ ሲገባ የቁልፉ ቀዳዳ የጠፋበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። እሳቸውም ፒንሳና ካቻቢቴያቸውን ይዘው ከች ይላሉ፤ እየቀለዱ ከፍተው እየቀለዱ ይመለሳሉ።

ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ነው። ከተማዋ ሰው ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባት ስለሆነች፣ በአንድ ደረጃ የሚወጣውና የሚወርደው የአንድ ወገን ሰው አልነበረም። ምድር ቤት አንድ ቋንቋ ይነገራል፣ ሁለተኛ ፎቅ ሌላ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ተደበላልቋል። በልብስ ማስጫ ገመድ ይጣላሉ፣ በልጆቻቸው ይታረቃሉ። ደግ ቀን ሲሆን መልካም ጎረቤቶች ናቸው። ክፉ ነገር የመጣ ቀን ግን እያንዳንዱ ወገን ጣቱን ወደ ሌላው ፎቅ ይቀስራል። ቧንቧ ከተደፈነ የላይኞቹ ናቸው፤ አይጥ ከገባ የታችኞቹ ናቸው። ይህ ጣት መቀሰር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰው ሊገድል እንደሚችል ጋሽ መክፈቻ የተረዱት ዘግይተው ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከሕንፃው ሥር ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ተቀምጠው ቁልፍ ሲሞርዱ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ትንሽ የብረት ሣጥን ታቅፋ ከፊታቸው ቆመች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ፊቷ ላይ ግን ከድካሙ ይልቅ እልሁ ይበልጣል።

«እንደምን አረፈዱ አባባ? ቁልፉ እውስጡ ተሰብሮ ቀረብኝ። ይከፈትልኝ ይሆን?»

«ደህና ነኝ ልጄ። እኔ ልክፈት ብዬ ያቃተኝ የአማቴን ልብ ብቻ ነው። አረፍ በይ።»

ሣጥኑን በብረት መያዣው በሞርሳ አሰሩና ቀጭን ሽቦ መረጡ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ዝም ማለት ስለማይሆንለት ወዲያው ጠየቁ። «ምን ይዘሽበታል? ላብሽ እስኪንጠፈጠፍ የተሸከምሽው።»

«ወረቀት ነው አባባ። ከጤና ጣቢያ ተልኬ ቤት ለቤት እዞራለሁ። በዚህ ሰፈር የሚጥል በሽታ ያለበት ስንት ሰው እንደሆነ ለማወቅ ነው።»

የጋሽ መክፈቻ ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና አዞሩት። «ታዲያ አገኘሽ?»

«አንድም አላገኘሁ። ምድር ቤት ብጠይቅ ‹እኛ ዘንድ የለም፣ የላይኞቹ በሽታ ነው› አሉኝ። ሁለተኛ ፎቅ ብወጣ ‹የታችኞቹ ናቸው፣ ንጽሕና አያውቁም› ተባልኩ። ሦስተኛዎቹ የአራተኛዎቹ እርግማን ነው አሉ። አራተኛዎቹ ወንበር አቅርበው፣ ውሃ ሰጥተው፣ በትሕትና ‹ምድር ቤት ጠየቅሽ?› አሉኝ።»

ጋሽ መክፈቻ ሳቁ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነዋ ነገሩ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ የማውቀውን ልንገርሽ። በኛ ዘር የለም። አባቴ አልነበረበትም፣ አያቴም አልነበረበትም።»

«ዘርዎን አልጠየቅኩም አባባ፤» አለች ነርሷ በለሰለሰ ድምፅ። «የጠየቅኩት ሰው ነው።»

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩአት። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን ዕድሜ ያለው ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር አይረታም። «እስቲ ተማርኩ ካልሽ ንገሪኝ። ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ዛፍ እንደተቆረጠ ቢወድቅ፣ ዐረፋ ቢደፍቅ፣ ሲነቃ ምንም ባያስታውስ፣ ይኼ የመንፈስ ሥራ ካልሆነ የምንድን ነው? ከሐኪም ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ጥያቄዎ ጥሩ ነው። ሰው እጁን የሚያነሣው፣ ምላሱን የሚያንቀሳቅሰው አንጎሉ ሲያዘው ነው። አንዳንዴ የአንጎል ትእዛዝ ለጥቂት ጊዜ ይታወካል። ያኔ አካል ሁሉ በአንድ ጊዜ ታዘዝኩ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ይበርዳል። ሌላ ምሥጢር የለውም። በትንፋሽም በዐረፋም አይተላለፍም።»

«የሁሉም ሰው አንጎል አንድ ነው ልትዪኝ ነው? የኛና የእነዚያ?»

«እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ከየፎቁ የሚመጣልዎትን ጓጉንቸር ሲፈቱት፣ ከውስጡ አይተው የማን ወገን እንደሆነ ይለያሉ?»

«ከውስጡማ ሁሉም ሞላና ብረት ነው፤» አሉ ሳያስቡት፤ ወዲያው መረታታቸው ስለገባቸው አፋቸውን ገጠሙ።

ነርሷ አልሳቀችባቸውም። ይልቅ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «በዓለም ላይ ይህን ሲያጠኑ የኖሩ ሐኪሞች የሚነግሩን እንዲህ ነው። ከመቶ ሰው እስከ ዐሥር የሚደርሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል፤ ሕፃን ሆኖ ትኩሳት በርትቶበት፣ ወይ ራሱን ተመትቶ፣ ወይ በሌላ ምክንያት። እየደጋገመ የሚጥለው ደግሞ ከመቶ አንድ ቢሆን ነው፤ ከዚያ የሚያንስበትም የሚበዛበትም ቦታ አለ። የሚበዛው ግን የእገሌ ዘር ስለሆነ አይደለም። እናት ያለ አዋላጅ በምጥ የምትሰቃይበት፣ ሰው ከግንባታ ላይ የሚወድቅበት፣ የልጅ ትኩሳት ቶሎ የማይታከምበት ሰፈር ነው የሚበዛው። በቤተሰብ የሚወርድ ዓይነትም አለ፤ እሱም ቢሆን ማንንም ወገን ለይቶ አያውቅም። ይህ ሕንፃ ከሁለት መቶ ሰው በላይ አለበት አይደል? እዚህ ባዶ ብዬ ብጽፍ ሰው ጤነኛ ነው ማለት ነው ወይስ ሰው ፈርቷል ማለት ነው?»

«ፈርቷል እንበል። ቢፈራስ? የተቆጠረችን ልጅ ማን ያገባታል? ማን ይቀጥራታል? አንቺ ወረቀትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ስሙ ግን እዚህ ይቀራል። በሩን የዘጋ ሰው ጅል አይምሰልሽ።»

‹ልጅ› ሲሉ በሴት መናገራቸውን ነርሷ ልብ አለች፤ ግን አላነሣችውም። «ስም አንጽፍም። የምንጽፈው ስንት እንደሆኑ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው በየሳምንቱ የሚመጣ ሐኪምና መድኃኒት ለአንዱ ሰፈር ሊመድብ ነው። በሽተኛ የለኝም ላለ ሰፈር ግን ሐኪም አይላክም። እኔ ወረቀቱን የማስረክበው ነገ ነው።»

በዚህ ጊዜ ሣጥኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ጋሽ መክፈቻ የተሰበረውን ቁልፍ በጉጠት አውጥተው ሰጧት። ነርሷ አመስግና ተነሣች፤ ግን እግሯ አልራመድ አለ።

«አንድ ነገር ሆዴን በልቶኛል አባባ። ምድር ቤት ከኋላ በኩል ያለው በር ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ሰው የለም ብዬ ልሄድ ስል ከውስጥ አንዲት ልጅ መለሰችልኝ። ‹ማነው?› አለችኝ፤ ‹ክፈቺልኝ› ብላት ‹ተቆልፎብኛል› አለች። ምን እንደምሠራ ነገርኳት። ከዚያ ‹ነገ ተመልሰሽ ነይ› አለችኝ። እሳት ቢነሣ እንዴት ትወጣለች ብዬ ፈራሁ። ጓጉንቸሩ ደግሞ ተራ አይደለም፤ ጎበዝ ባለሙያ የሠራው ነው።»

ጋሽ መክፈቻ ክው አሉ። ጎበዝ ባለሙያ መባል የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ምስጋናው እንደ እሾህ ወጋቸው። «ምናልባት፣» አሉ ዓይናቸውን ሞርሳው ላይ ተክለው፣ «ምናልባት የቆለፈባት ሰው ስለሚወዳት ይሆናል። ውጭ ወድቃ መኪና እንዳይበላት።»

«ይወዳት ይሆናል። ግን እቤት ውስጥ ብትወድቅስ ማን ይደርስላታል?»

በዚህ መሐል የሦስተኛ ፎቋ ልብስ አጣቢ እጆቿ አረፋ እንደለበሱ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ መክፈቻ፣ በእርስዎ በር ሥር ውሃ እየፈሰሰ ነው። ብጣራ ብጣራ የሚመልስልኝ ሰው የለም።»

ነርሷ ወደ አዛውንቱ ዞረች። የተቆለፈው በር የማን እንደሆነ አሁን ገባት።

ሦስቱም ሮጡ። የሰው በር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚከፍቱት ጋሽ መክፈቻ የራሳቸውን ጓጉንቸር ቀዳዳ አጡት። ቁልፉ ሁለቴ መሬት ወደቀ። ነርሷ አንሥታ ከፈተችው። ገቡ። ውሃው ከመታጠቢያ ቤቱ ነው የሚመጣው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ያን መቀርቀሪያ ያበጁት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ሴት ናት፣ ታፍራለች ብለው ወፍራም ብረት መርጠው ነበር። አሁን በትከሻቸው ቢገፉት፣ በመዶሻ ቢመቱት ንቅንቅ አላለም። የሥራቸው ጥራት በዚያች ሰዓት ጠላታቸው ሆነ። በመጨረሻ ማጠፊያውን ፈንቅለው በሩን በጎኑ አወለቁት።

ልጅቱ እርጥብ ወለል ላይ ወድቃ ትንቀጠቀጥ ነበር። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈስሳል፤ ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደሙ ውሃውን አቅልቶታል። አባት እንደ ልማዳቸው ከኪሳቸው የቁልፍ ዘለላቸውን አውጥተው መዳፏ ውስጥ ሊያሲዟት ጎነበሱ። እናታቸው ያስተማሯቸው ነው፤ ብረት መንፈሱን ያባርራል ይሉ ነበር። ልብስ አጣቢዋም «ማንኪያ፣ ማንኪያ ስጡኝ፣ ምላሷን እንዳትውጥ» ብላ ወደ ማእድ ቤት ሮጠች።

«ቁልፉንም ማንኪያውንም ተዉት፤» አለች ነርሷ ጸጥ ባለ፣ ግን እንቢ በማይባል ድምፅ። «ምላስ አይዋጥም። ጥርሷን ትሰብሩባታላችሁ እንጂ አትረዷትም። አትያዟት። ውሃውን ዝጉልኝ።» ነጠላ ጫማውንና ባልዲውን ከአጠገቧ ገፋ አድርጋ፣ ሹራቧን አውልቃ ከራሷ ሥር አደረገችላት። መንቀጥቀጡ ሲበርድ ቀስ ብላ በጎኗ አስተኛቻት፤ አፏ ውስጥ የተጠራቀመው ምራቅ ወደ ውጭ ፈሰሰ፤ ትንፋሿ ተስተካከለ። «ይኸው ነው እርዳታው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። የዛሬውማ ቆይቶባታል፤ ውሃ ላይም ስለወደቀች አሁኑኑ ትታያለች።»

ጋሽ መክፈቻ የቁልፍ ዘለላቸውን እንደያዙ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ስንት ጊዜ ያን ብረት በዚያች መዳፍ ውስጥ ጨምቀው ስንት ጊዜ አዳንኳት ብለዋል። ለካ ሁልጊዜም በራሱ ጊዜ ነበር የሚያልፈው። አለቀሱ፤ አላፈሩበትም።

ልጅቱ ጤና ጣቢያ ታይታ፣ ቅንድቧ ተሰፍቶ፣ ከሰዓት በኋላ ራሷን አውቃ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ነርሷን ትኩር ብላ አየቻት። «ጠዋት ያንኳኳሽው አንቺ ነሽ? ድምፅሽን ለየሁት።»

«እኔ ነኝ። ነገ ነይ ብለሽኝ ነበር፤ ዛሬውኑ መጣሁ።»

ልጅቱ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ በመስኮት በኩል በጎረቤት ልጅ እጅ ማመልከቻ ልኬ ነበር፤ የመጽሐፍ መጠረዣው ቤት ሰኞ ግቢ ብሎኛል። አልነገርኩህም፤ እንቢ እንደምትል ስለማውቅ።»

«እናቴ፣» አሉ ጋሽ መክፈቻ፤ ልጃቸውን ሲያባብሉ እንዲህ ነበር የሚጠሯት። «ዛሬ የሆነውን አላየሽም? እዚያ ወረቀት መቁረጫ አለ፣ ስለት አለ። ሰው አለ። ሰው ምን ይላል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው እንጂ ጨክኜብሽ ነው?»

«አልጨከንክም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። የምትፈራው እንዳልወድቅ ነው ወይስ ስወድቅ እንዳልታይ?»

ጋሽ መክፈቻ የአንሶላዋን ጠርዝ አስተካከሉ። ልጃቸው እሳቸው በማያውቁት ጽናት ቀጠለች። «እንዳልወድቅ ከሆነ ይህች ነርስ መድኃኒት አለ ትላለች፤ እንሂድ። እንዳልታይ ከሆነ ግን፣ አባዬ፣ ዛሬ እንደተመኘኸው ማንም ሳያየኝ ልሞት ነበር።»

ነገሩ ለአዛውንቱ እንደከበዳቸው ያየችው ነርስ ነገሩን ከሥሩ አነሣችው። «አባባ፣ ገመናዎን የሸፈኑ መስሎዎት ልጅዎን ነው የሸፈኑት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? መድኃኒቱን በወጉ፣ አንድ ቀን ሳያስታጉሉ ከሚወስዱ ሰዎች ከዐሥሩ ሰባት ያህሉ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደጋ ነው። እንቅልፍ ማጣትም እንደዚያው። መጠረዣ ቤት ውስጥም ከመቁረጫው ራቅ ያለ ሥራ አለ፤ መስፋት አለ፣ ማጣበቅ አለ። አሠሪዋ ካወቀ ይጠነቀቅላታል። ካላወቀ ነው አደጋው።»

«ካወቀ ያባርራታል።»

«ሊያባርራት ይችላል፤» አለች ነርሷ። «አልዋሽዎትም። ግን አሁንም እኮ ሥራ የላትም።»

ይህ መልስ ጋሽ መክፈቻን ሰበራቸው። ስብከት ቢሆን ይከራከሩት ነበር፤ እውነት ሲሆን ግን የሚይዙበት ጠፋቸው። ያም ሆኖ የመጨረሻዋን ምሽጋቸውን አልለቀቁም። «መድኃኒቱን ትውሰድ፤ አልከለክልም። ግን በጓሮ በኩል፣ ሰው ሳያይ። በዚህ ሕንፃ ብቸኛዋ እሷ ናት። ለእነዚያ ሁሉ ወገኖች መነጋገሪያ ላደርጋት አልችልም።»

ነርሷ «ብቸኛ አይደለችም» ብላ ብቻ ሣጥኗን አንሥታ ወጣች። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ አለች።

ጋሽ መክፈቻ ቁጭ ማለት ስላልሆነላቸው የተገነጠለውን በር ሊጠግኑ ተነሡ። የሰው እጅ ሲሠራ ልቡ ይሰክናል። ወፍራሙን መቀርቀሪያ ፈቱት። በቦታው ከውስጥ ቢዘጋም ከውጭ በሳንቲም የሚዞር መዝጊያ ሊያስገቡ አሰቡ። እንዲህ ያለውን አሳምረው ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ አበጅተዋል።

እጃቸው ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆመ።

ብዙ ጊዜ? ለማን ነበር? ለሁለተኛ ፎቁ ጫማ ሰፊ ነበር፤ «ትንሹ ልጄ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እየቀረቀረ አስቸገረኝ» ብሎ። ለአራተኛ ፎቋ ጡረተኛ መምህርት ነበር፤ «እህቴ መርሳት ጀምራለች» ብላ። ከመግቢያው በስተግራ ላለው ባለ መኪና ነበር፤ ለእሱ ምክንያቱ ምን እንደነበር ረስተውታል። ልብስ አጣቢዋም እናቴ ትዘነጋለች ብላ አሠርታለች። እናቷን ግን ደረጃ ላይ ስንቴ አግኝተዋቸዋል፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የሰላ ልብ ያላቸው አሮጊት ናቸው። ያ ማንኪያስ? ያቺ ሴት ማንኪያውን እንዲያ ቶሎ እንዴት አሰበችው?

ጋሽ መክፈቻ በጉልበታቸው እንደተንበረከኩ ቀሩ። ሁሉም የየወገኑን ገመና ተሸክሞ እሳቸው ዘንድ መጥቷል፤ ሁሉም ሰበብ ይዞ መጥቷል። እሳቸውም የእያንዳንዱን በር ከፍተው፣ እየቀለዱ፣ አንዱንም ሳያዩ ተመልሰዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሳቸውና ለጎረቤቶቻቸው ነበር፤ የሁሉም አሮ ሳለ ሁሉም የሌላውን ጭስ ሲያሸት ኖሯል። «ልጄ ብቸኛ አይደለችም» አሉ ለራሳቸው፤ ቀጥሎም ተቆጡ። በማን እንደተቆጡ ግን ለጊዜው አልታወቃቸውም።

ለማንም የማንንም ስም አላነሡም። የሰውን ምሥጢር መጠበቅ የሙያቸው ወግ ነው። ግን የራሳቸውን ምሥጢር ማውጣት መብታቸው መሆኑን አሰቡ፤ ለልጃቸውም ነገሯት። ምሥጢሩ የእሷም ነውና አስፈቀዷት። «እኔም አብሬህ እቆማለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት ግቢው በሰውና በባልዲ ሞልቶ ሳለ፣ አባትና ልጅ ወጥተው ቧንቧው አጠገብ ቆሙ። ሰው ሁሉ ዓይኑን የልጅቱ የተሰፋ ቅንድብ ላይ ጣለ።

«ጎረቤቶቼ፣» አሉ ጋሽ መክፈቻ። «ትናንት የመጣችውን ነርስ ሁላችንም ሸኝተናታል። እኔም ሸኝቻታለሁ። ዋሽቻታለሁም። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ስፈራ ቆለፍኩባት። ትናንት እኔው በሠራሁት መቀርቀሪያ ውስጥ ልትሞትብኝ ነበር። ዛሬ ነርሷ ስትመጣ የኔን ቤት አንድ ብላ ትጽፋለች። ሌላ ማንም ባይኖር አንድ ሆነን እንቆጠራለን። ለአንድ ሰው ግን ሐኪም አይልኩም። ይህን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት።»

አንዱ ባልዲ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፤ ባለቤቱ ቧንቧውን አልዘጋም። ጋሽ መክፈቻ በሕዝብ ፊት ልጃቸውን ያዋረዱ መሰላቸው። ልጅቱ ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ክንዳቸውን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ያኔ ልብስ አጣቢዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ሁለት ይበሏት፤» አለች። «የኔ ታናሽ ወንድም አለ። እናቴ አይደለችም፤ እናቴ ምንም አትረሳም።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ በመጥፎ አልነበረም። ከዚያ ጫማ ሰፊው ባልዲውን አስቀምጦ ወደ ጋሽ መክፈቻ ጠጋ አለና በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገረ። ሌሎቹ በአደባባይ አልተናገሩም፤ ሁሉም ሰው እኩል አይደፍርም። ነርሷ ስትመጣ ግን ትናንት ወደ ሌላ ፎቅ ያመለክቱ የነበሩ በሮች ግቢ የሚሉ በሮች ሆነው ጠበቋት። ከየፎቁ፣ ከየቋንቋው ነበሩ። አንዱም ወገን አልቀረም፤ አንዱም ወገን ከሌላው ይህን ያህል አልበለጠም። የመምህርቷ እህት ነርሷን ይዘው «በኛ አገር ቋንቋ ስሙ እንኳ አይጠራም ነበር» ብለው ነገሯት።

ሰፈሩ ሐኪም ተመደበለት። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ጥቅሙ ምን ነበር ለሚለኝ አንባቢ ያየሁትን ልንገረው። የጋሽ መክፈቻ ልጅ መጠረዣ ቤት ገባች። አሠሪዋ መጀመሪያ አመነታ፤ በኋላ ወደ ስፌቱ ጠረጴዛ አዛወራት፤ ዛሬ ያለ እሷ መጽሐፍ አይወጣለትም። አንድ ጊዜ ብቻ እዚያው ወድቃለች። የሥራ ባልደረቦቿ በጎኗ አስተኝተው፣ ከራሷ ሥር የተጣጠፈ ጨርቅ አድርገው፣ ስትነቃ ውሃ ሰጥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። የልብስ አጣቢዋ ወንድም አቋርጦት የነበረውን ትምህርት ጀመረ። የጫማ ሰፊው ልጅ የትኩሳት ነገር ነበር፤ አደገና ተወው። መድኃኒቱ እንደተመኙት ያልሠራላቸውም አሉ፤ እነሱን ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካቸው። ይህ ሁሉ የሆነው በሽታው አዲስ ስለመጣ አይደለም፤ እዚያው ነበር። ሰው ስላመነው ብቻ ነው። ቧንቧ ሲደፈን ግን አሁንም የላይኞቹ ናቸው ይባላል፤ ሁሉ ነገር በአንዴ አይታረምም።

በቅርቡ አንድ ለሕንፃው አዲስ የሆነ ጎልማሳ ሱቃቸው መጣ። ንግግሩ ከሩቅ አገር መምጣቱን ያሳብቃል። ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የመታጠቢያ ቤቴን መቀርቀሪያ ከውጭም የሚከፈት እንዲያደርጉልኝ ነበር። ልጄ እየገባ ይቆልፋል።»

«ይገባኛል፤» አሉ ጋሽ መክፈቻ። «ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሰውዬው አቀረቀረ። «ልጅ የለኝም» አለ።

ጋሽ መክፈቻ አልሳቁም። ፒንሳቸውንና ካቻቢቴያቸውን አነሡ፤ ሱቁን ዘጉ፤ እጃቸውንም ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «እንሂድና እንሥራው። እግረ መንገዳችንን ከልጄ ጋር አስተዋውቅሃለሁ። ነገ ሐሙስ ነው፤ እሷም ትሄዳለች፤ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። የታመመው ማን እንደሆነ ደግሞ በመንገድ ትነግረኛለህ፤ ካልፈለግክም አትንገረኝ።»

ሰውዬው ደረጃውን ሁለት እርከን እንደወጣ ቆመ። «እናቴ ናት፤» አለ። «ስወጣ ቆልፌባት ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ፤» አሉ ጋሽ መክፈቻ። «ቁልፉን ስጠኝ።»